ልጄን ይዤ ልማር ነው፤ ደሴ ልግባ ወይስ አዲስ አበባ?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሐይቅ ነው የምጽፍልዎ። 31 ዓመቴ ነው፤ በተሁለደሬ ወረዳ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ 7 ዓመት ሞላኝ። ከልጄ አባት ጋር ከተፋታን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች።

በፐብሊክ ሄልዝ ማስተርስ መማር ከተመረቅኩ ጀምሮ የምመኘው ነው። ዘንድሮ የጋት (የድኅረ ምረቃ መግቢያ) ፈተናውን አለፍኩ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ደመወዜ ሳይቋረጥ ስፖንሰር ሊሆነኝ ፈቅዷል፤ ነገር ግን የምማርበትን አንድ ዩኒቨርሲቲ ወስኜ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዳሳውቅ ተነግሮኛል። ጓደኞቼ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ስሙ ብቻ በር ይከፍትልሻል» ይሉኛል። ወንድሜ ቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል፤ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ስለ ቤት ኪራይ አታስቢ» ብሎኛል። እናቴ መርሳ ናት፤ እሷ ደግሞ «ልጅቷን ለኔ ተይልኝና ሐሳብሽን ሰብስበሽ ተማሪ» ትላለች።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም አለ። ደሴ ቅርቤ ነው፤ ግን በጦርነቱ ተዘርፎ ነበርና ትምህርቱ እንዴት ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ደሴ ላይ አንድ ክፍል ቤት 4,500 ብር ጠይቀውኛል። ልጆችን ሙሉ ቀን የሚያውል የግል ትምህርት ቤት በወር 1,800 ብር ነው። በእጄ የሚገባው ደመወዝ 11 ሺህ ብር ያህል ሲሆን ከዲዩቲ ጋር 14 ሺህ ይደርሳል። ያጠራቀምኩት 40 ሺህ ብር አለኝ። ፍርድ ቤት የወሰነው 2,000 ብር ቀለብ አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይቀራል፤ አባቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። እዚህ ሐይቅ የሌሊት ዲዩቲ ስገባ ልጄን የሚያሳድሩልኝ ጎረቤቴ እትዬ አሉ፤ እንደ አያቷ ናቸው።

ሰው ሁሉ «ልጅ ይዘሽ ምን ማስተርስ ነው?» ይለኛል። አንዳንዴ ራስ ወዳድ የሆንኩ ይመስለኛል። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ የቆየሁበት ጊዜም ትዝ ይለኛል፤ ልጄ እዚያ ማዶ ሆና እንዲያ ቢሆንስ? እባክዎ ምን ላድርግ?

የልጅ እናት፣ ከሐይቅ

* * *

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ልጅ እያሳደጉ፣ ዲዩቲ እያደሩ አጥንቶ ጋትን ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። መጨረሻ ላይ ላነሳሽው ነገር ቶሎ ልመልስልሽ፤ ራስ ወዳድ አይደለሽም። ማስተርሱን ስትይዢ ደመወዝሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያም በላይ የሌሊት ዲዩቲ በሌለበት፣ ማታ ማታ ቤትሽ በምትገቢበት የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር ዕድልሽ ይሰፋል። ይህ ልጅሽም የምትበላው እንጀራ ነው። ስለዚህ «ልማር ወይስ ልተው» የሚለውን ወደ ጎን አድርገን «የት» ወደሚለው እንሂድ።

የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም ከማንሳታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ማን ነው? ሙሉ ቀን የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ 9:30 ገደማ ይለቃሉ፤ በፈረቃ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የጠዋቱን ልጅ ለምሳ ይለቁታል። የማስተርስ ክፍል ግን እስከ 11 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ላይብረሪ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ። አንድ ወረቀት አውጪና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ቀን በየሰዓቱ ከፋፍይው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ማን ያለብሳታል፣ ማን ያደርሳታል? ከ9:30 እስከ 12 ሰዓት ማን ጋ ትሆናለች? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትኩሳት ቢይዛትና አንቺ በማግስቱ ፈተና ቢኖርብሽ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? ለሦስቱም አማራጭ፣ ለአዲስ አበባ፣ ለደሴና ልጅቷ መርሳ ለምትቀርበት፣ ለየብቻ ሙዪው። «ሰው አይጠፋም» ብለሽ አትለፊው፤ የሰው ስም ጻፊበት። ስም ያልተጻፈበት ሰዓት ሁሉ በኋላ የሚቆረጠው ከክፍልሽና ከጥናትሽ ላይ ነው። ልጅ ይዘው የሚማሩ እናቶችን ከትምህርቱ ክብደት ይልቅ ይሄ ባዶ ሰዓት ሊያስቋርጣቸው ይችላል።

አሁን አዲስ አበባን በዚህ መንገድ እንየው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፐብሊክ ሄልዝ ትምህርት ቤት ያለው ጥቁር አንበሳ ግቢ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከከተማው ዳር ነው። የትራንስፖርት ሰልፉን አስበሽ ለ2 ሰዓት ክፍል ንጋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት ይኖርብሻል፤ 11 ሰዓት ብትለቀቂ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ነው የምትገቢው። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጻፈው ስም የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ የወንድምሽ ሚስት። «ነይ» ያለሽ ወንድምሽ ነው። እሷስ ምን አለች? በደብዳቤሽ ውስጥ የእሷን ቃል አላገኘሁትም። አራት ሰው በሚኖርበት ባለ አንድ መኝታ ቤት ላይ ሁለት ሰው ሲጨመር ድስቱም፣ ልብሱም፣ የቤት ሥራ ማሠራቱም እሷ ላይ ነው የሚበዛው። ለክረምት ዕረፍት ቢሆን ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት ግን ረጅም ነው፤ እየቆየ የሚሻክረው ደግሞ ከወንድምሽ ጋር ያለሽ ፍቅር ነው። ልብሽ አሁንም ወደ አዲስ አበባ ካደላ፣ ለእሷው በቀጥታ ደውይላት። ወንድምሽ በሌለበት አነጋግሪያትና በወር ምን ያህል እንደምታዋጪ፣ ልጅሽን ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣት፣ መቼ የራስሽን ክፍል ተከራይተሽ እንደምትወጪ ተስማሙ። በድምፅዋ ውስጥ ማመንታት ከሰማሽ እመኚው።

ስሙ በር ይከፍታል ያሉሽ ጓደኞችሽ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ጥያቄው የትኛውን በር ነው። ከምረቃ በኋላ በወረዳው፣ በዞን ጤና መምሪያ ወይም በሆስፒታል ለመቀጠል ካሰብሽ፣ ለደረጃ ዕድገት የሚታይልሽ ማስተርሱ፣ የሥራ ልምድሽና የሥራ አፈጻጸም ውጤትሽ ነው። ፒኤችዲ መቀጠል፣ በምርምር ተቋም ወይም ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ በሆነ ድርጅቶች መግባት ከሆነ ሐሳብሽ ግን እዚያ የምትተዋወቂያቸው መምህራንና ባልደረቦች ብዙ ይረዱሻል። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ሆነሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ? ይህን ከሰው ምክር ለይተሽ ለብቻሽ አስቢው። የስፖንሰር ውል ፈርመሽ ወደ ተሁለደሬ የምትመለሺ ከሆነ፣ የአዲስ አበባው ስም ለጊዜው የሚከፍትልሽ በር ብዙ አይታየኝም።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ነበር ማለትሽ እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ብዙ ንብረት አጥቷል። ላብራቶሪ የሚፈልግ ትምህርት ብትመርጪ ኖሮ እኔም «ግቢውን ሄደሽ እዪ» እልሽ ነበር። ያንቺ ትምህርት ግን በአብዛኛው በክፍል ውስጥ፣ በኮምፒውተርና በመስክ የሚሠራ ነው። የሚወስንልሽ ሪሰርችሽን የሚከታተለው አማካሪ መምህር ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እናትሽ ያቀረቡልሽን በቀላሉ አልጥለውም። በእኛ አገር በአያት እጅ ማደግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችን የዚያ ፍቅር ልጆች ነን። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ልጅሽ አባቷ ከቤት ከወጣ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። አሁን እናቷም ስትሄድ፣ በዚያው ወር ደግሞ አዲስ ትምህርት ቤት ስትጀምር፣ ሦስት ለውጥ ይደራረብባታል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን በቃላት አትነግርሽም፤ አልጋ በማርጠብ፣ ሆዴን አመመኝ በማለት፣ ወይም አጉል ጨዋ በመሆን ነው የምታሳይሽ። ይህ ማለት ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይደለም። ሌላ መንገድ ካጣሽ የሚሆንበት ወግ አለው። ተኝታ ሳለች ሹልክ ብለሽ አትሂጂ፤ ቤተ ዘመዱ «እንዳታለቅስ» ብሎ የሚመክርሽ ይሄንን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጅ በሰላም አትተኛም። የምትመጪበትን ቀን ንገሪያትና በዚያው ቀን ተገኚ። ስልክም በየምሽቱ በአንድ ሰዓት ይሁን። እናትሽ ጋ የልደት ምስክር ወረቀቷን ኮፒ፣ የክትባት ካርዷን፣ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት ስለ ልጅቷ እንዲወስኑ የሚያስችላቸውን ውክልና ትተሽ ሂጂ። የፍቺ ውሳኔው አባቷ የሚጎበኝበትን ቀን ወስኖ ከሆነ፣ ልጅቷ ወደ መርሳም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዷ በፊት እሱም ይወቅ። ሳያውቅ ከሆነ ክስ ሊያመጣብሽ ይችላል።

ስለ መንገዱ የጻፍሽውን ማንም «አጉል ፍርሃት» ሊልሽ አይገባም። ከአዲስ አበባ ደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መርሳ ከዚያም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ቢዘጋ ልጅሽ ጋ መድረስ አትችዪም። ይህ ያየሽው ነገር ነው፤ ከኪራይና ከምግብ እኩል ቁም ነገር አድርገሽ ቁጠሪው።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ወደ ደሴ ያደላል። ነገር ግን ሁለቱንም ዓመት ደሴ እንድትኖሪ አልመክርሽም። የማስተርስ ትምህርት እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ፣ ሁለተኛው ዓመት ሪሰርች ነው። ኮርሱን ስትወስጂ ደሴ ቤት ተከራዪ፤ ሪሰርቹን ስትጀምሪ ወደ ሐይቅ ተመለሺ። ሐይቅ ሆነሽ አማካሪሽን በሳምንት አንድ ቀን ደሴ ሄደሽ ማግኘት ትችያለሽ። እትዬም አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ለሁለተኛው ዓመት የእሳቸው ደጅ ካለሽ ሀብት ሁሉ ይበልጣል። ደሴ በምትቆዪበት ዓመት የሐይቁን ቅሬ (የሰፈሩን ዕድር) መዋጮ እንዳታቋርጪ፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ስትመለሺ ግን የሰፈሩ ሰው ሆነሽ ነው የምትመለሺው።

«ከሐይቅ እየተመላለስኩ ብማርስ?» ሳትዪ አልቀረሽም። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታ ሲታይ ቀላል ነው። ነገር ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆማል፣ በክረምት ጉሙ መኪናውን ያዘግመዋል፣ 11 ሰዓት ስትለቀቂ ደግሞ መናኸሪያው ሰልፍ ነው። በኮርሱ ዓመት በየቀኑ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ማጥፋት የምታጠኚበትን ማታ ይበላብሻል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ቤት እስክታገኚ ድረስ ከሆነ ይሁን።

ቤት ስትፈልጊ የዩኒቨርሲቲውን ቅርበት ሁለተኛ አድርጊው። የልጅሽን ትምህርት ቤት የሚያስቀድም ቤት ይሁን፤ በእግር ወስደሻት በእግር የምትመለስበት። አንቺ በታክሲ መሄድ ትችያለሽ፣ እሷ አትችልም። ያከራዩሽ ሰዎች ልጅ ያላቸው፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው ያለባቸው ግቢ ይሁን። የደሴን ውሃ ነገር ታውቂዋለሽ፤ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣና ማጠራቀሚያ በርሜል ግቢው ውስጥ እንዳለ ጠይቂ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን መሙላት በፈተና ሰሞን ምን እንደሚያደርግሽ አስቢው። ብርዱም ከሐይቅ ይለያል። ልጅሽ ቶንሲል ወይም ሳል የሚነሳባት ከሆነ መሬቱ ሲሚንቶ ብቻ የሆነ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቤት አትያዢ። ከ9:30 እስከ 11:30 የምታቆይልሽን ሰው ደግሞ ከቤቱ ጋር አብረሽ ፈልጊ፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጆችን በክፍያ የሚያቆይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ፤ ትምህርት ላይ ስትሆኚ ደመወዝሽ ቢቀጥልም ዲዩቲ አይኖርም። በሥራ ገበታ ላይ በመገኘት የሚከፈል ሌላ አበል ካለሽም እንደዚያው። ስለዚህ 14 ሺውን እርሺው፤ የምትቆጥሪው በ11 ሺህ ነው። ኪራይ 4,500፣ ትምህርት ቤት 1,800፣ ምግብና አስቤዛ በቁጠባ 4,000፣ ልጅ ለምታቆይልሽ ሰው 1,500፣ ለታክሲና ለስልክ 1,000 እንበል። ድምሩ 12,800 ብር ነው። በየወሩ 1,800 ይጎድልሻል። ለ24 ወር ከሆነ 43,200 ብር ማለት ነው፤ ያለሽን 40 ሺህ ጠራርጎ ይወስዳል፣ ለሪሰርች አንዲት ሳንቲም አይተርፍም። ለ12 ወር ብቻ ከሆነ 21,600 ነው፤ ከቁጠባሽ 18,400 ይተርፍሻል። ለዚህ ነው አንዱን ዓመት ደሴ፣ ሌላውን ሐይቅ ያልኩሽ። ቅድሚያ ክፍያ ስንት ወር እንደሚጠይቁሽም አስቀድመሽ እወቂ፤ የሦስት ወር ከሆነ በአንድ ቀን 13,500 ብር ከእጅሽ ይወጣል።

ይህን ጉድለት ሙሉ በሙሉ የሚደፍነው ደግሞ ያ የሚመጣና የሚቀር 2,000 ብር ቀለብ ነው። አባቷን በየወሩ መለመን ይብቃሽ፤ ገንዘቡ የአንቺ አይደለም፣ የልጅሽ ነው። ውሳኔ አለሽ፣ አባቷም ተቀጣሪ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ሄደሽ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቺ፤ የውሳኔውን ግልባጭ፣ የልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያልተከፈሉትን ወሮች ዝርዝር ያዢ። ፍርድ ቤቱ ቀለቡን ፋብሪካው ከደመወዙ እየቆረጠ ገቢ እንዲያደርግልሽ እንዲያዝ አመልክቺ። ቀለብ ሁኔታዎች ሲለወጡ ሊሻሻል የሚችል ነገር ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት በመግባቷ ወጪዋ ጨምሯልና፣ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት ይሻሻልልኝ ብለሽ መጠየቅም ትችያለሽ። ማመልከቻ ለመጻፍ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሊረዳሽ ይችላል። ይህን ከአባቷ ጋር ጠብ ለመፍጠር ብለሽ አታድርጊው፤ አስቀድመሽ «በፋብሪካው በኩል ቢቆረጥ ለሁለታችንም ይቀላል» ብለሽ ብትነግሪው ፈቅዶ ሊፈርም ይችላል።

ስለ ሪሰርቹ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ምክንያቱም ሰው የሚቀርበት እዚያ ነው። «ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ ሪሰርች ቀርቶኛል» የሚል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በኮርስ ዓመት የክፍል ሰዓት አለ፣ ፈተና አለ፤ ወደድሽም ጠላሽም ትሄጃለሽ። በሁለተኛው ዓመት ግን «ዛሬ ጻፊ» የሚልሽ ሰው የለም፤ ልጅ ታማለች፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ሳምንቱ ይሄዳል። ገንዘቡም የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ርዕስሽን ስትመርጪ ከአሁኑ ኪስሽንና ሰዓትሽን አስቢ። ቤት ለቤት የሚሠራ ጥናት ብትመርጪ፣ በተለመደው ቀመር የናሙናው (የምትጠይቂያቸው ሰዎች) ብዛት 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ናሙናው በየቀበሌው በደረጃ የሚወሰድ ከሆነና በሁለት ከተባዛ ደግሞ ወደ 845 ቤት መሄድ አለብሽ። ያ ማለት የመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ ትራንስፖርት፣ ሥልጠና ነው፤ 18 ሺህ ብር አይችለውም። በወረዳሽ ጤና ጣቢያዎች ካርድና መዝገብ ላይ የሚሠራ ጥናት ግን ለአንቺ ይመቻል። ቦታውን ታውቂዋለሽ፣ ልጅሽ ትምህርት ቤት በዋለችበት ሰዓት ሠርተሽ መውጣት ትችያለሽ። ጉዳቱ የመዝገቡ ጉድለት ነው፤ ዕድሜው ያልተሞላ፣ ክብደቱ ያልተጻፈ ካርድ ብዙ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፍሽ በፊት 30 ካርድ አውጥተሽ የምትፈልጊው መረጃ ስንቱ ላይ እንደተሞላ ቁጠሪ። ግማሹ ባዶ ከሆነ ርዕሱን ያኔውኑ ቀይሪ፤ ጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ካገኘ በኋላ መቀየር ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሐይቅ ስትመለሺ «ዲዩቲ ሸፍኝልን» የሚሉሽ ባልደረቦች መኖራቸው አይቀርም፤ በፍቅር እምቢ በዪ።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቀን ደሴ ውረጂና ትምህርት ክፍሉን አነጋግሪ። ኮርሶቹ አንድ በአንድ በየተራ ሙሉ ቀን የሚሰጡ ናቸው ወይስ በሴሚስተር ጎን ለጎን? ሙሉ ቀን ከሆነ አንድ ሳምንት ልጅ ብትታምብሽ የኮርሱን ግማሽ ታጫለሽ፤ እንዲያ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። የቅዳሜ ክፍል አለ? ከባለፉት ተማሪዎች ስንቱ በሁለት ዓመት ጨረሰ? መምህሩ ይነግርሻል፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ግን የበለጠ ይነግሩሻል። ከእነሱ መካከል እናት የሆነች ፈልገሽ ሻይ ጋብዣት፤ የትኛው አማካሪ ረቂቅ ቶሎ አንብቦ እንደሚመልስ ከእሷ ነው የምትሰሚው። የተማሪ ዶርም ተስፋ አታድርጊ፤ ለልጅ አይሆንም።

የስፖንሰር ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ። ስንት ዓመት ተመልሰሽ ማገልገል እንዳለብሽ፣ ብታቋርጪ ምን እንደምትከፍዪ፣ ዋስ ማን እንደሚሆን፣ መደብሽ ክፍት ሆኖ እንደሚጠብቅሽ፣ ከሁሉም በላይ ሪሰርቹ ከሁለት ዓመት ቢያልፍ ደመወዝሽ እንደሚቀጥል ወይም እንደሚቆም እወቂ። በቃል የተነገረሽ ነገር ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ከተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽን ዛሬውኑ ማሳደድ ጀምሪ፤ በቀጥታ ከተቋም ወደ ተቋም ነው የሚላከው፤ የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ክሊራንስ ስለሚጠይቁሽም ሰው ሁሉ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የጊዜ ነገር ደግሞ አለ። የልጆች ምዝገባ በክረምቱ ነው፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ከመስከረም በኋላ ነው የሚጀመረው። የአንቺን መልስ ጠብቀሽ ልጅቷን ልመዝግብ ካልሽ ቦታ ይሞላል። ደሴን ከመረጥሽ ትምህርት ቤቱን አሁን ያዢላት፤ ሐይቅ አስጀምረሽ ጥቅምት ላይ ማዛወር ጓደኛ ከያዘች በኋላ መንቀል ነው። ቤቱ ሲገኝ ደግሞ ይዘሻት ሂጂ፤ የምትተኛበትን፣ ትምህርት ቤቷን፣ ከክፍል በኋላ የምትቆይበትን ግቢ አሳያት። «እማዬም ተማሪ ልትሆን ነው፣ ከዓመት በኋላ ወደ እትዬ እንመለሳለን» ብትያት ይገባታል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የፍርድ ቤቱን መዝገብ ክፈቺ፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል። ቀጥሎ ትራንስክሪፕቱ፣ ከዚያ የደሴው ጉዞ፤ ትምህርት ክፍሉን፣ ትምህርት ቤቱንና ቤቱን በአንድ ቀን ማየት ትችያለሽ። ያ የሰዓት ወረቀት ሞልቶ፣ ወርሃዊው ሒሳብም ከቀለቡ ጋር ከተገናኘ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ስም ለጽሕፈት ቤቱ ስጪ። ካልተገናኘ፣ ስፖንሰሩ ለአንድ ዓመት ሊቆይልሽ ይችል እንደሆነ በማመልከቻ ጠይቂ፤ የጋት ውጤትሽ እስከዚያ ይሠራ እንደሆነም ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አረጋግጪ። በዚያ ዓመት የዲዩቲውን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጪው፤ የቀለቡን አፈጻጸምም አስጨርሺ።